የሕዋስን እስትንፋስ የመረመሩት ሊቅ፦ ዴቪድ ኬይሊን (1887–1963)

ከጭሮ ከተማ፣ በቀድሞ ስሟ ከአሰበ ተፈሪ፣ ተነሥቶ በበዴሳና በገለምሶ በኩል ወደ መቻራ የሚጓዝ መንገደኛ የማሽላውን ማሳ፣ የቡናውንና የጫቱን ተክል እያለፈ ወደ ከተማይቱ ሲቃረብ ከሩቅ የሚያየው የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ቆርቆሮው ከብረት የተሠራ ሆኖ ሳለ ዝናብና እርጥበት በዝገት ቶሎ የማይበሉት ዚንክ በተባለ ማዕድን ስለ ተለበጠ ነው። ይኸው ማዕድን በየቀበሌው ጤና ኬላ ደግሞ በሌላ መልክ ይገኛል። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ሲመጣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ኦ.አር.ኤስ. ከተባለው የጨውና የስኳር ቅመም ጋር የዚንክ እንክብል ለእናቲቱ ትሰጣለች፤ እናቲቱም እንክብሉን በንጹሕ ውሃ ወይም በጡቷ ወተት በማንኪያ እያሟሟች ከ10 እስከ 14 ቀን ድረስ በየቀኑ ታጠጣዋለች። የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2004 በጋራ ባወጡት መመሪያ መሠረት መጠኑ ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን በቀን 10 ሚሊግራም፣ ከዚያ በላይ ለሆነው 20 ሚሊግራም ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለጣሪያ መለበጫ የሚሆን ማዕድን በሕፃን ገላ ውስጥ ምን ሥራ ይኖረዋል? ይህን ጥያቄ ለመመለስ ሳይንስ ረጅም ዘመን ፈጅቶበታል። ዡል ሮሊን የተባሉ ፈረንሳዊ በ1869 አንድ ጥቁር ሻጋታ ያለ ዚንክ እንደሚገባው እንደማያድግ አስተዋሉ። በ1926 የዕፀዋት፣ በ1934 ደግሞ የአይጦች እድገት ያለ ዚንክ እንደሚገታ ታወቀ። ሆኖም ዚንክ በሕዋስ ውስጥ ከምን ጋር ተያይዞ፣ በየትኛው ሥፍራ ተቀምጦ፣ ምን እንደሚሠራ የሚናገር ሰው አልነበረም። ይህን የተዘጋ በር ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈቱት፣ የምርምር ሕይወታቸውን የዝንብ ትል በመመልከት የጀመሩት ፕሮፌሰር ዴቪድ ኬይሊን ናቸው።

ልደትና ትምህርት

ዴቪድ ኬይሊን ከፖላንዳውያን አይሁድ ወላጆች መጋቢት ወር በ21ኛው ቀን 1887 በሞስኮ ከተማ ተወለዱ። ገና በሕፃንነታቸው ቤተ ሰቡ ወደ ዋርሶ ስለ ተመለሰ ያደጉት በዚያ ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ አስም ይጫናቸው ነበር። በዚህ በሽታ ምክንያት ዐሥር ዓመት እስኪሆናቸው ድረስ ትምህርት ቤት ሊገቡ አልቻሉም። እኩዮቻቸው በመስክ ሲሮጡ እርሳቸው ትንፋሻቸውን ለማስወጣት የሚታገሉ ልጅ ነበሩ። ይሁን እንጂ ዘግይቶ የተጀመረው ትምህርት ፈጥኖ ሄደ፤ ከሰባት ዓመት በኋላ በ1904 በቤልጅግ አገር ወደሚገኘው የሊየዥ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ ከዚያም ትምህርታቸውን ለመቀጠል ወደ ፓሪስ ተሻገሩ።

በፓሪስ ሞሪስ ኮለሪ በተባሉ የሥነ ሕይወት መምህር ቤተ ሙከራ ተቀመጡና ነፍሳትን፣ በተለይም በሌላ ፍጡር ገላ ውስጥ ገብተው የሚኖሩትን ጥገኛ ትሎች ማጥናት ጀመሩ። ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቻቸው አንዱ ፖሌኒያ ስለ ተባለችው ዝንብ የተደረገው ጥናት ነው። የዚህች ዝንብ ትል በመሬት ትል ገላ ውስጥ ገብቶ፣ ያንኑ ያስጠለለውን ፍጡር ከውስጥ እየበላ እንደሚያድግ በትዕግሥት ተከታትለው አስረዱ። ለብዙ ሰው ይህ ጉዳይ የሚናቅ ይመስላል። ለኬይሊን ግን ትልቁን ጥያቄ ያመጣው ይህ ትንሽ ፍጡር ነው፤ በሌላ አካል ውስጥ ተዘግቶ የሚኖር ትል አየር ከየት ያገኛል? እንዴትስ ይተነፍሳል? ትንፋሽ ያስቸገራቸው ልጅ አድገው የሌላውን ፍጡር ትንፋሽ የሚመረምሩ ሆኑ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት በተጀመረ በዓመቱ፣ በ1915፣ ጆርጅ ነታል የተባሉት የጥገኛ ተሕዋስያን ሊቅ ወደ ካምብሪጅ ጠሯቸውና ረዳታቸው አደረጓቸው። በዚያው ከተማ በ1921 ሞልቴኖ የተባለው የጥገኛ ተሕዋስያን ምርምር ተቋም ሲቆም ኬይሊን ከነባር ሠራተኞቹ አንዱ ነበሩ። በ1931 የነታልን መንበር ወርሰው የተቋሙ ኀላፊ ሆኑ፤ በጡረታ እስከ ተሰናበቱበት እስከ 1952 ድረስም መሩት። ከካምብሪጅ ሌላ የሥራ ቦታ አላሻቸውም።

ከፈረስ ጨጓራ እስከ እርሾ

ኬይሊንን ታዋቂ ያደረጋቸው ግኝት የመጣው ማንም ካልጠበቀው ሥፍራ፣ ከፈረስ ጨጓራ ነው። በፈረስ ጨጓራ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የሚያድግ የዝንብ ትል አለ። ትሉ እንደ እንስሳት ደም ቀይ የሆነ ሄሞግሎቢን በገላው ይይዛል። ጊዜው ሲደርስ ከፈረሱ ፋንድያ ጋር ወጥቶ፣ ሙሽሬ ሆኖ፣ በመጨረሻ በራሪ ዝንብ ይሆናል። ኬይሊን የጠየቁት ጥያቄ ቀላል ነበር፤ ትሉ ዝንብ ሲሆን ሄሞግሎቢኑ ወዴት ይሄዳል? ይህንን ለማወቅ ስፔክትሮስኮፕ በተባለው፣ ብርሃንን በየቀለሙ ለያይቶ በሚያሳይ መሣሪያ የዝንቡን የክንፍ ጡንቻ ተመለከቱ። በዚያም ሄሞግሎቢን ሊሰጠው የማይችል አራት ጥቁር መስመር ያለበት ምልክት አገኙ።

ጉዳዩን በዝንብ ብቻ አልተዉትም። ዳቦ የሚያቦካውን እርሾ በውሃ በጥብጠው በመሣሪያው ሲያዩት ያው አራት መስመር በእርሾውም ታየ። ብልቃጡን ሲንጡትና አየር ሲገባበት መስመሮቹ ጠፉ፤ አስቀምጠው ጥቂት ሲጠብቁ እርሾው አየሩን ተጠቅሞ ስለሚጨርሰው መስመሮቹ ተመልሰው ታዩ። ሕዋስ ሲተነፍስ በዐይን ማየት ማለት ይህ ነው። ኬይሊን ይህን ከእንስሳት፣ ከእርሾና ከዕፀዋት የሚገኝ ቀለም ሳይቶክሮም ብለው ሰይመው በ1925 አሳተሙ። የስሙ ትርጉም የሕዋስ ቀለም ማለት ነው። ዛሬ በማንኛውም የሥነ ሕይወት መጽሐፍ የሚገኘው የሕዋስ አተነፋፈስ ትምህርት የቆመው በዚህ ግኝት ላይ ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚነገር፣ ለሙያ ሰው ሁሉ ትምህርት የሚሆን አንድ ታሪክ አለ። ኬይሊን የቀደሙትን ጽሑፎች ሲያገላብጡ ቻርልስ ማክመን የተባሉ ሐኪም ይህንኑ ቀለም ከእርሳቸው አርባ ዓመት ያህል ቀድመው፣ በ1880ዎቹ፣ አይተውት እንደ ነበር ተረዱ። ማክመን በእንግሊዝ አገር በዎልቨርሃምፕተን ከተማ በሽተኛ እያከሙ የሚኖሩ ሰው ነበሩ። የዩኒቨርሲቲ መንበር አልነበራቸውም፤ ቤተ ሙከራቸውም ከፈረሳቸው ጋጣ በላይ ያለች ሰገነት ነበረች። ያዩትን ሲያሳትሙ በዚያ ዘመን በመስኩ ታላቅ ስም የነበራቸው ጀርመናዊው ፌሊክስ ሆፐ ዛይለር ነገሩ ከሄሞግሎቢን የመጣ ስሕተት ነው ብለው ተቃወሟቸው። የታላቁ ሰው ቃል ስለ ከበደ የማክመን ሥራ ተረሳ። ወርቅ አበድረው ጠጠር የተመለሰላቸው እኒህ ሐኪም በ1911 አረፉ።

ኬይሊን ይህን ታሪክ ማለፍ ይችሉ ነበር፤ የሚጠይቃቸውም አልነበረም። ነገር ግን በ1925ቱ ጽሑፋቸው የማክመንን ሥራ በስሙ አንሥተው፣ የተሳሳተበትንም የተሳካለትንም ለይተው፣ የቀዳሚነቱን ክብር ለባለቤቱ መለሱ። ማክመን በዛሬው ዘመን የሚታወሱት በዚህ ምክንያት ነው።

ቀለም የሌለው ማዕድን

ኬይሊን ዚንክን ያገኙት የሕዋስን ትንፋሽ ተከትለው ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ ምግብን ሲያቃጥል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ወደ ደም ገብቶ በአብዛኛው ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ባይካርቦኔት በሚባል መልክ ይጓዛል፤ ሳንባ ሲደርስ ተመልሶ ጋዝ ይሆንና በትንፋሽ ይወጣል። ችግሩ ጊዜው ነው። ደም በሳንባ ጥቃቅን ሥሮች ውስጥ የሚያልፈው ከአንድ ሰከንድ በማይበልጥ ጊዜ ሲሆን፣ ይህ የኬሚካል ለውጥ ግን በራሱ ሲተው በዚያ ጊዜ ውስጥ አይፈጸምም። ስለዚህ በደም ውስጥ ነገሩን የሚያፋጥን አንድ ኤንዛይም መኖር አለበት። በእርግጥም በ1930ዎቹ መጀመሪያ በዚያው በካምብሪጅ ሜልድረምና ራውተን የተባሉ ተመራማሪዎች ኤንዛይሙን በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ አገኙት። ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ ተባለ። ከምን እንደ ተሠራ ግን አልታወቀም ነበር።

በ1935 ታዴየስ ማን የተባሉ ወጣት ፖላንዳዊ ወደ ሞልቴኖ ተቋም መጡ። ኬይሊንና እኒህ ወጣት ባልደረባቸው በመጀመሪያ ከበሬ ደም መዳብ ያለበት ፕሮቲን ለይተው በ1938 አሳተሙ፤ ከዚያም ፊታቸውን ወደ ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ መለሱ። ቀይ ሕዋሳቱን ሰብረው፣ ብዙውን ሄሞግሎቢን አስወግደው፣ የቀረውን ደረጃ በደረጃ እያጠሩ ሄዱ። እየጠራ በሄደ መጠን የኤንዛይሙ ኀይል ጨመረ። በመጨረሻ የተገኘው ነጭ ነገር ሲመረመር ብረትም መዳብም ሳይሆን ዚንክ ያለበት ሆኖ ተገኘ። ዚንኩ ከክብደቱ 0.33 በመቶ ያህል፣ ማለትም ከሺህ እጅ ሦስት እጅ የሚሆን ነበር። ይህን ያህል ጥቂት ቢሆንም የዚንኩ መጠንና የኤንዛይሙ ኀይል አብረው ከፍ አብረው ዝቅ ይሉ ነበር። ውጤቱ በ1939 ታወጀ፤ ሙሉው ጥናት በ1940 ወጣ። ዚንክ በሕያው አካል ውስጥ የተለየ ሥራ እንዳለው በፕሮቲን ደረጃ የተረጋገጠው በዚህ ጊዜ ነው።

የዚህ ግኝት አስደናቂነት በሌላ በኩልም ይታያል። ኬይሊን ስማቸው የተጠራው ቀለም በማየት ነው። ብረት ያለበት ሳይቶክሮምም ሆነ መዳብ ያለበት ፕሮቲን ለዐይናቸውና ለስፔክትሮስኮፓቸው ራሱን ይገልጥ ነበር። ዚንክ ግን ቀለም የለውም፤ በመሣሪያው ውስጥ አንድም መስመር አያሳይም። ሊቁ የሚተማመኑበትን መሣሪያ ወደ ጎን ትተው፣ በማጥራትና በመመዘን፣ በድካምና በትዕግሥት ብቻ መሄድ ነበረባቸው። ለዚህም ማስረጃ የሚሆን ነገር አለ። በ1938 ከበሬ ደም ያወጡት የመዳብ ፕሮቲን በ1969 ማኮርድና ፍሪዶቪች የተባሉ አሜሪካውያን ሲመረምሩት ሕዋስን ከኦክሲጅን ጉዳት የሚጠብቅ ታላቅ ኤንዛይም መሆኑ ተገለጠ። ጥቂት ቆይቶም ከመዳቡ ጎን ዚንክ እንዳለበት ታወቀ። ቀለም ያለውን መዳብ ያዩት ሁለቱ ሊቃውንት ቀለም የሌለውን ጎረቤቱን በዚያ ጊዜ አላዩትም ነበር። ዚንክ ከአስተዋይ ዐይን እንኳ የሚሰወር ማዕድን ነው።

ከአስም ጋር ሲታገሉ የኖሩት ሰው የተቃጠለው አየር ከደም ወደ ትንፋሽ የሚወጣበትን መንገድ የሚያፋጥነውን ማዕድን አገኙ። ሥራው ለበሽተኞችም ፍሬ አስገኘ። በ1940 ሁለቱ ባልደረቦች በዚያ ዘመን ለቁስልና ለልዩ ልዩ ተላላፊ በሽታዎች ይሰጥ የነበረው ሰልፋኒላማይድ የተባለ መድኃኒት ካርቦኒክ አንሃይድሬዝን እንደሚያግድ አሳዩ። ከዚህ ተነሥተው ሌሎች የመድኃኒት ቀማሚዎች በ1950ዎቹ አሴታዞላማይድን ሠሩ፤ እርሱም በግላኮማ ምክንያት በዐይን ውስጥ የሚጨምረውን ግፊት ይቀንሳል። በዚያው መሥመር ሲኬድ ደግሞ ሽንት የሚያበዙትና ለደም ግፊት የሚታዘዙት የታያዛይድ መድኃኒቶች ተገኙ። በጭሮ ሆስፒታል ወይም በሌላ ሥፍራ የደም ግፊት መድኃኒት የሚቀበል በሽተኛ የበሬ ደም ሲያጠሩ ከዋሉት ከነዚያ ሁለት ሰዎች የመጣ ውለታ አለበት።

የዚንክ ፕሮቲኖች ቤተ ሰብና የሕዋስ እድገት

ለዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ ብቸኛው የታወቀ የዚንክ ፕሮቲን ሆኖ ቆየ። ብዙዎችም ነገሩን እንደ ልዩ አጋጣሚ ቆጠሩት። በ1954 ቫሊና ኖይራት ከቆሽት በሚወጣ የምግብ መፍጫ ኤንዛይም ውስጥ ዚንክ ሲያገኙ ግን ሐሳቡ ተለወጠ። በ1957 ማርጎሼስና ቫሊ ከፈረስ ኩላሊት ሜታሎታዮኒን የሚባለውን ፕሮቲን አወጡ። ይህ ትንሽ ፕሮቲን ሰባት የዚንክ አቶሞችን በአንድ ጊዜ ይይዛል፤ ለሕዋስ እንደ ጎተራ ሆኖ ዚንክ ሲበዛ ያከማቻል፣ ሲያስፈልግ ያከፋፍላል። ሕዋስ ለመከፈል በሚዘጋጅበት ጊዜ መጠኑ እንደሚጨምርም ታይቷል።

ትልቁ ነገር ግን ገና ነበር፤ እዚያም ላይ የኬይሊን እጅ በሌላ መንገድ አለበት። ማክስ ፔሩትዝ የተባሉት ከኦስትሪያ የተሰደዱ ተመራማሪ የሄሞግሎቢንን ቅርጽ በኤክስሬይ ለማወቅ ሲደክሙ የሚሠሩበት የኬሚስትሪ ቦታ ስላልነበራቸው ኬይሊን በራሳቸው ተቋም ጠረጴዛ ሰጧቸው። ገንዘብ ሲቸግራቸውም የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት እንዲደግፋቸው ሐሳቡን ያቀረቡት ኬይሊን ናቸው። በ1947 በሁለት ሰዎች የተጀመረው ያ ክፍል በ1962 የሞለኪውል ሥነ ሕይወት ቤተ ሙከራ ሆኖ ራሱን ቻለ። በዚያ ቤት ከሠሩት አንዱ በደቡብ አፍሪካ ያደጉት አሮን ክሉግ ናቸው። ክሉግ ወደዚህ ሥራ ከመግባታቸው በፊት ካርቦኒክ አንሃይድሬዝን ካገኙት ከራውተን ዘንድ አንድ ዓመት ያህል ሠርተው ነበር።

ክሉግና ባልደረቦቻቸው በ1985 በእንቁራሪት እንቁላል ውስጥ የሚገኝ አንድ ፕሮቲን ሲመረምሩ ዘጠኝ ጊዜ የተደጋገመ አሠራር አዩበት። እያንዳንዱ ድግግሞሽ ሠላሳ ያህል አሚኖ አሲዶች ያሉት ሲሆን፣ በመካከሉ አንድ የዚንክ አቶም ይዞ እንደ ጣት ይታጠፋል። እነዚህ የዚንክ ጣቶች በዲ.ኤን.ኤ. ላይ ያርፉና የትኛው የዘር መልእክት እንዲነበብ፣ የትኛው ዝም እንዲል ይወስናሉ። ዚንኩ ራሱ መልእክቱን አያነብም፤ ፕሮቲኑ ቅርጹን እንዳይለቅ አጥብቆ ይይዘዋል። ቤት ሲሠራ ምሰሶና ማገር የሚያያይዝ ምስማር እንደሚያስፈልግ ማለት ነው። ምስማሩ ሲወጣ ጣቱ ይፈታል፣ ሥራውም ይቆማል።

ከዚያ ወዲህ በተደረገው ቆጠራ ከሰው ፕሮቲኖች ከዐሥሩ አንዱ ያህል ዚንክ እንደሚይዝ ተገምቷል። የኬይሊን ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ ራሱ ብቻውን እንዳልሆነ ታውቋል። በሰው አካል ውስጥ ዐሥራ አምስት ያህል ወገኖች ያሉት ቤተ ሰብ ሆኗል፤ ከነዚህ ፈጣኑ አንዱ ሞለኪውል በሰከንድ እስከ አንድ ሚሊዮን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውሎችን ይለውጣል። ከዚህ ቤተ ሰብ ዘጠነኛው የተባለው ወገን ኦክሲጅን በሚያጥርባቸው የካንሰር ዕጢዎች ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ ዕጢው የሚያመነጨውን አሲድ ወደ ውጭ በማስወገድ ሕዋሳቱ እንዲያድጉ ይረዳል። ስለዚህ የዚንክ ፕሮቲኖች ጤናማውን እድገት ብቻ ሳይሆን ሥርዐት የለቀቀውንም ያገለግላሉ ማለት ነው። ተመራማሪዎች ይህንኑ ወገን የሚያግድ መድኃኒት የሚፈልጉት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህ በኋላ ዚንክ ሲያንስ የሚደርሰው ጉዳት ምሥጢር አይሆንም። ሕዋስ ሊከፈል ሲል በሺህ የሚቆጠር መልእክት ማንበብ፣ አዲስ ፕሮቲን መሥራት፣ ዲ.ኤን.ኤ.ውን ማባዛት አለበት፤ በየደረጃው ዚንክ የያዘ ሠራተኛ አለ። ስለሆነም እጥረቱ አስቀድሞ የሚጎዳው ፈጥነው የሚከፈሉትን ሕዋሳት ነው፤ የአንጀትን ሽፋን፣ ቆዳን፣ በሽታ የሚከላከሉትን ነጭ የደም ሕዋሳትና የሚያድገውን አጥንት። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ዚንክ ከሰገራው ጋር ይወጣበታል፤ ዚንክ ሲያንሰው ደግሞ አንጀቱ ቶሎ አይጠገንም፤ አንጀቱ ባለመጠገኑም ተቅማጡ ይመላለስበታል። በጤና ኬላ የሚሰጠው እንክብል የሚሰብረው ይህን ክፉ ዙር ነው።

በሰው ላይ የዚንክ እጥረት መኖሩ የታወቀው ኬይሊን በሕይወታቸው መጨረሻ ላይ ሳሉ ነው። አናንዳ ፕራሳድ የተባሉ ሐኪም ከ1961 እስከ 1963 በኢራንና በግብፅ ገጠሮች ቁመታቸው የቀነጨረ ወጣቶችን መርምረው ምክንያቱ የዚንክ እጥረት ሊሆን እንደሚችል ገለጡ። የነዚያ ወጣቶች ምግብ በአብዛኛው ከእህል የተሠራ ቂጣ ነበር። በእህል ገለባና ፍሬ ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ነገር ዚንክን አንቆ ይይዘዋል፤ አንጀትም ሊመጠው አይችልም። በምዕራብ ሐረርጌ ደጋና ወይና ደጋ ማሽላና በቆሎ ዋና ምግብ ስለ ሆኑ ነገሩ ለአገራችን ባለሙያዎች ሩቅ አይደለም። እናቶቻችን ከጥንት ጀምረው ሊጡን የሚያቦኩበት ዘዴ ፋይቴቱን በከፊል ስለሚያፈርሰው፣ በሚገባ የቦካ እንጀራ ካልቦካ ቂጣ ይልቅ ዚንኩን ለአንጀት ይለቃል።

ከምዕራብ ሐረርጌ ጋር በሚዋሰነው በአርሲ፣ በዶዶታ ሲሬ፣ ኢትዮጵያውያንና ሆላንዳውያን ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አድርገው በ2000 አሳትመዋል። ዕድሜያቸው ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ከሆኑት ጡት የሚጠቡ ሕፃናት ለከፊሎቹ 10 ሚሊግራም ዚንክ፣ ለቀሩት ዚንክ የሌለው ተመሳሳይ ነገር በሳምንት ስድስት ቀን ለስድስት ወር ተሰጠ። ቀድሞ ከቀነጨሩት መካከል ዚንክ ያገኙት በአማካይ 7 ሴንቲ ሜትር ሲያድጉ፣ ያላገኙት 2.8 ሴንቲ ሜትር ብቻ አደጉ። በሕመም የሚጠቁበትም ጊዜ ቀነሰ። በ1939 በብልቃጥ ውስጥ ከሺህ ሦስት እጅ ሆኖ የታየው ማዕድን በአርሲ ገበሬ ልጅ ቁመት ላይ በሜትር የሚለካ ሆነ።

ጠባይና የመጨረሻ ዘመን

ኬይሊን የንጉሣዊውን ማኅበር ሜዳይ በ1939፣ ከዚያም የማኅበሩ ከፍተኛ ሽልማት የሆነውን የኮፕሊ ሜዳይ በ1951 ተሸልመዋል። የኖቤል ሽልማት ግን አላገኙም። በእርሳቸው መንገድ የሄዱ ሌሎች አገኙት። ማክስ ፔሩትዝ በ1962፣ አሮን ክሉግ በ1982 ተሸለሙ። በካምብሪጅ ያወቋቸውና ከእርሳቸው ብዙ የተማሩት ፒተር ሚቸል በ1978 ኖቤል ሲቀበሉ የንግግራቸውን ርእስ በኬይሊን የአተነፋፈስ ሰንሰለት ሐሳብ ላይ መሠረቱት። የራሱን ክብር ለማክመን ያካፈለ ሰው ከሞተ በኋላ ክብሩ በሌላው አንደበት ተመለሰለት።

በ1952 ጡረታ ቢወጡም ቤተ ሙከራውን አልለቀቁም። በ1959 ታትሞ በወጣው ንግግራቸው ደርቀው የሞቱ መስለው ቆይተው ውሃ ሲነካቸው የሚነሡ ጥቃቅን ፍጥረታት ያሉበትን ሁኔታ ክሪፕቶባዮሲስ ብለው ሰየሙት፤ ስሙ ዛሬም ያገለግላል። ስለ ሕዋስ አተነፋፈስ ታሪክ የሚናገር መጽሐፍ በመጻፍ ላይ ሳሉ የካቲት ወር በ27ኛው ቀን 1963 በሰባ አምስት ዓመታቸው በካምብሪጅ አረፉ። መጽሐፉን ልጃቸው ጆን ኬይሊን አዘጋጅታ በ1966 አሳተመችው። የማክመንም ታሪክ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ተገቢውን ሥፍራ አግኝቷል።

ከእኒህ ሰው ሕይወት ለሙያ ባልደረቦች የሚተርፈው ስንቅ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ትንሹን ነገር አለመናቅ ነው፤ የዝንብ ትል ወደ ሳይቶክሮም አደረሳቸው፤ ከሺህ ሦስት እጅ የሆነ ማዕድን ደግሞ የሕፃናትን እድገት ለመረዳት በር ከፈተ። ሁለተኛው፣ ከታላላቅ ተቋማት ርቆ የሚሠራውን ሰው ማክበር ነው። በአገራችንም ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወራጅ ውሃ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው የቢልሃርዚያን ማጥፊያ ሐሳብ ሲያቀርቡ፣ በውጭ ያሉ ድርጅቶች ለመቀበል ብዙ ዓመታት ወስዶባቸዋል። ማክመንም ሆኑ አክሊሉ የጎደላቸው ማስተዋል አልነበረም፤ የጎደላቸው የሚሰማቸው ሰው ነበር።

ዛሬ በመቻራ በሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል፣ በጭሮና በገለምሶ ሆስፒታሎች፣ በየጤና ጣቢያው ቤተ ሙከራ አጉሊ መነጽር ላይ ጎንበስ ብለው የሚውሉ ባለሙያዎች አሉ። ከነዚህ አንዱ ያልተጠበቀ ነገር አይቶ በመዝገብ ሲያሰፍር፣ ያንን መዝገብ አንብቦ በስሙ የሚጠቅሰው ባልደረባ ያስፈልገዋል። ዴቪድ ኬይሊን ከጋጣ በላይ ባለች ሰገነት ለሠሩት ሐኪም ያደረጉት ይህንኑ ነው።